ከኮምቦልቻ ሆኖ ለአሜሪካ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ፈተና መዘጋጀት ይቻላል?

ጠያቂ፣ ኮምቦልቻ

ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ባንክ እሠራለሁ። ባለቤቴ ቨርጂኒያ ስለሚኖር የቪዛዬ ጉዳይ በሂደት ላይ ነው። እዚያ ስገባ ከሙያዬ ሳልወጣ አክሲዮንና ቦንድ በሚያገበያይ ድርጅት መቀጠር እፈልጋለሁ። የፈቃድ ፈተና አለው ይሉኛል። አንድ ባልደረባዬ ስለ «ሲሪስ 7» የተጻፈ ወፍራም መጽሐፍ በስልክ ልኮልኛል፤ መግቢያው እንኳ አልገባኝም። ከአሁኑ ልጀምር ወይስ ስደርስ?

የደሴ ልጅ፣ ቨርጂኒያ

አብሽሪ እህቴ፣ አሁኑኑ ጀምሪ፤ መጽሐፉን ግን ዝጊው። ሲሪስ 7፣ ማለትም አክሲዮንና ቦንድ ለመሸጥ የሚያበቃው የፈቃድ ፈተና፣ የሚፈተነው ስፖንሰር የሚሆን ቀጣሪ ድርጅት ያገኘ ሰው ነው። ያንቺ መነሻ ኤስ.አይ.ኢ. የሚባለው የሙያው መሠረታዊ ፈተና ነው፤ 18 ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ ያለ ቀጣሪ ይፈተነዋል። ነጥብ የሚያዝባቸው 75 ጥያቄዎች አሉት፤ ጊዜው 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ፣ ማለፊያው 70 ነው። ውጤቱ ለ4 ዓመት ያገለግላል። እሱን ማለፍ ብቻውን አክሲዮን ለመሸጥ አያስፈቅድም፤ ቀጣሪ ፊት ስትቀርቢ ግን ክብደት አለው።

ከፈተናው 44 በመቶው እንደ አክሲዮንና ቦንድ ስላሉት ሰነዶች ዓይነትና ስለ ሥጋታቸው ስለሆነ ጊዜሽን እዚያ ላይ አፍስሺ። የባንክ ሰው ነሽና የግምጃ ቤት ሰነድ በቅናሽ ተሸጦ በሙሉ ዋጋው እንደሚመለስ ታውቂያለሽ፤ የአሜሪካውም እንዲሁ ነው። ሰው የሚደናገረው ቦንድ ላይ ነው። በዓመት 50 ዶላር የሚከፍል የ1,000 ዶላር ቦንድ ይዘሻል እንበል። ነገ ተመሳሳይ አዲስ ቦንድ 60 ዶላር መክፈል ቢጀምር ያንቺን በ1,000 ዶላር የሚገዛ አይኖርም፤ ዋጋው ይወርዳል። ወለድ ሲቀንስ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። ወረቀት ላይ እያሰላሽ ተረጂው፤ ፈተናው መልኩን እየለዋወጠ ይመላለስበታል። ኦፕሽን ላይ፣ ማለትም በተወሰነ ዋጋ የመግዛት ወይም የመሸጥ መብት በሚሰጠው ውል ላይ፣ ስትደርሺ መብቱን የገዛው ማን፣ ግዴታ የገባው ማን እንደሆነ በአማርኛ ለራስሽ ሳትናገሪ ወደ ስሌቱ አትግቢ።

ገንዘብም አታውጪ። ፈተናውን የሚያዘጋጀው ፊንራ የይዘት ዝርዝሩንና የመለማመጃ ፈተናውን በድረ ገጹ በነጻ አስቀምጧል። ደሴ ስትመላለሺ ሚኒባስ ውስጥም ማንበብ ይቻላል፤ የሀረጎ ጠመዝማዛ ላይ ግን ስልክ ማየት ራስ ያዞራል።

ከዳላስ

በስልክ የሚዞሩ የቆዩ መጻሕፍትን ጠርጥሪ። እ.ኤ.አ. ከሜይ 28 ቀን 2024 ጀምሮ የአክሲዮን ግብይት ርክክብ በሚቀጥለው የሥራ ቀን ነው፤ አሮጌዎቹ በሁለተኛው ይላሉ። ቀላሉን ነጥብ በከንቱ ታጫለሽ። ደግሞም ሲሪስ 65 ያለ ስፖንሰር ይፈተናሉ፤ ለምን እሱን አትሞክሪም?

የደሴ ልጅ፣ ቨርጂኒያ

ወንድሜ፣ 65 የኢንቨስትመንት አማካሪነት ፈተና ነው፤ ከ130 ጥያቄ 92ቱን መመለስ ይጠይቃል። ደንበኛ ለሌለው አዲስ መጪ ሰው ምን ያደርግለታል? በኋላ ይደረስበታል።

ከደሴ፣ አራዳ

ቪዛው ቢዘገይም ጥናቱ አይባክንም። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ተከፍቶ ወጋገን ባንክ ቀዳሚው ተመዝጋቢ ሆኗል። እዚህ ፈቃድ የሚሰጠው የራሳችን የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ነው፤ የቦንዱ ሒሳብ ግን ያው ነው።

ጠያቂ፣ ኮምቦልቻ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ብወድቅስ?

የደሴ ልጅ፣ ቨርጂኒያ

30 ቀን ጠብቀሽ ትደግሚዋለሽ፤ ሦስተኛውን ከወደቅሽ ግን 180 ቀን ነው። መለማመጃው ላይ ደጋግመሽ ከ80 በላይ ሳታመጪ ቀጠሮ አትያዢ።