ያገለገለ ቲንክፓድና ኡቡንቱ ለአንድሮይድ ሥራ ያዋጣሉ?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ሆኜ የአንድሮይድ መተግበሪያዎችንና ድረ ገጾችን እሠራለሁ። የአሁኑ ላፕቶፔ ራም 8 ጊጋባይት ብቻ ስለሆነ፣ አንድሮይድ ስቱዲዮን ከኢሙሌተሩ (ስልክን ኮምፒውተር ላይ አስመስሎ ከሚያሳየው ፕሮግራም) ጋር ስከፍት ማሽኑ ቀጥ ይላል፤ መብራት ሲጠፋም ባትሪው ሩብ ሰዓት አያቆየኝም። ያገለገለ ቲንክፓድ ቲ480 ላፕቶፕ ብገዛና ዊንዶውስን ትቼ ኡቡንቱ የተባለውን የሊኑክስ ሥርዓተ ክወና ብጭን ምን ይመስላችኋል?

መልስ፦ እኔ የምሠራው በዚሁ ቲ480 ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የ2018 ምርት ቢሆንም ሁለት የራም ማስገቢያ አለው፤ ከውስጠኛው ባትሪ ሌላ ከውጭ የሚነቀል ባትሪ ስላለውም ማሽኑን ሳያጠፉ ትርፍ ባትሪ መቀየር ይችላሉ። መብራት ለሚመላለስበት ሰው ከፕሮሰሰሩ ፍጥነት ይህ ይበልጣል እላለሁ። ባትሪውን ግን እዚያው ሻጩ ፊት ይፈትሹት፤ «አዲስ ነው» ተብሎ የተሸጠልኝ በ40 ደቂቃ አልቆብኛል።

ሌላ መልስ፦ ለድረ ገጽ ሥራዎ ዶከርን (ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባል ጥቅል ለይቶ የሚያስኬድ መሣሪያ) የሚጠቀሙ ከሆነ፣ በዊንዶውስ ላይ የሊኑክስ ኮንቴይነሮችን የሚያስኬደው በቨርችዋል ማሽን (በኮምፒውተሩ ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር በሚሠራ ፕሮግራም) ውስጥ ስለሆነ ራም ይሻማል፤ ኡቡንቱ ላይ ግን ኮንቴይነሮቹ የራሱን ከርነል (የሥርዓተ ክወናውን እምብርት) በቀጥታ ይጠቀማሉ። ኢሙሌተሩ በሁለቱም ራም ይበላልና 16 ጊጋባይት ያድርጉት፤ ወይም ስልክዎን በኬብል አገናኝተው ይሞክሩበት።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። አዲስ አበባ ስወርድ ኡቡንቱን በፍላሽ ይዤ እሄዳለሁ፤ ሳልጭነው ከፍላሹ አስነሥቼ ዋይፋዩንና ድምፁን ሱቁ ውስጥ እሞክራለሁ።