ዳኛው ራሱ ይተኩስ ወይስ አይተኩስ?

አወያይ፦ ሰላም ቤተሰብ። ቅዳሜ ከሱሉልታ ወጣ ብሎ በተደረገው፣ እየሮጡ ኢላማ በሰዓት በሚተኮስበት የሽጉጥ ግጥሚያ ላልነበራችሁ በአጭሩ ልንገራችሁ። 18 ሰው ተኮሰ። ሦስት ዳኞች ነበሩ፣ ሦስቱም ተወዳዳሪዎች ናቸው። ጠዋት አንዱ ዳኛ አንድ ልጅ የጥይት ካዝና ሲቀይር አፈሙዙ ከ90 ዲግሪ አለፈ፣ ማለትም ከኢላማው አቅጣጫ ዞሮ ወደ ኋላ ወደ ሰው አየ ብሎ ከውድድር አስወጣው። ከሰዓት ያው ዳኛ ተኩሶ 2ኛ ወጣ። ጥያቄው፦ ዳኛ የሆነ ሰው በዚያው ግጥሚያ መወዳደር አለበት? ስም ሳንጠራ እንከራከር።

የተባረርኩት፦ ስም መጥራት አያስፈልግም፣ ልጁ እኔ ነኝ። አፈሙዜ አልፏል አላለፈም ብዬ አልምልም፣ ዓይኔ ኢላማው ላይ ነበር። ግን ጠዋት የሚያስወጣኝ ሰው ከሰዓት በቦታዬ የሚገባ ከሆነ እንዴት አምኜ እንቅልፍ ይውሰደኝ? ኳስ ላይ ዳኛው ፊሽካውን ኪሱ ከቶ ፍጹም ቅጣት ምት ሲመታ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ነጥብ መዝጋቢዋ፦ ይቅርታ ወንድሜ፣ አልፏል። እኔ በግራ በኩል ከኋላህ ነበርኩ። ቀኝ እጅ ተኳሽ ነህ፣ ወደ ግራ እየሮጥክ ካዝና ስትቀይር ሽጉጡ ከሰውነትህ ጋር አብሮ ዞረ። ቀኝ እጅ የሆነ ሰው ሁሉ የሚወድቅበት ወጥመድ ነው፣ እኔም አንድ ቀን ወድቄበታለሁ። የአፈሙዙን ቀዳዳ ክብ ሆኖ አየሁት እኮ! ዳኛው "አቁም" ሳይል በፊት እግሬ ወደ ኋላ ሄዷል።

የተባረርኩት፦ አንቺ ካየሽ እሺ። የኔ ነገር ግን ሌላ ነው። እሱ ባያይ ይሻል ነበር አላልኩም፣ አይቶ ከወሰነ አይወዳደር ነው ያልኩት።

የሰበታው ጋሼ፦ ልጄ ልክ ነህ። እኔ መሣሪያ ይዤ ያረጀሁ ሰው ነኝ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል፣ ጨዋታ ላይ ሁሉም እኩል ነው ለማለት ነው። ዳኛ ግን እኩል አይደለም፣ ከላይ ነው። ከላይም ከታችም ልሁን የሚል ሰው ደስ አይለኝም። ጓደኛውን ሲዳኝ ደግሞ ዘመድ ከዘመዱ አህያ ካመዱ ይሆናል።

ከጆበርግ የተመለሰው፦ ጋሼ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ይህ ስፖርት ዓለም አቀፍ ማኅበሩ በ1976 አሜሪካ ሚዙሪ ውስጥ ሲመሠረት ጀምሮ የቆመው ራሳቸው በሚተኩሱ ሰዎች ነው። ጆበርግ እያለሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ለስምንት ሰዓት ያህል ፀሐይ ላይ ቆሜ ዳኝቻለሁ፣ ደመወዝ የለው ምን የለው፣ ያውም ጥይቱን ከኪሴ ገዝቼ። አትወዳደርም ብትሉኝ ቤቴ እተኛለሁ። የእኛ ሦስቱም ቢተኙ ማን ሰዓት ሊይዝ ነው? ትልልቅ ግጥሚያ ላይ ዳኞቹ ከሌላው በፊት ቀድመው ይተኩሳሉ፣ ውጤታቸውም ይቆጠራል።

አድልዎ ካሰጋችሁ ደግሞ 90 ዲግሪው ላይ አትፈልጉት፣ ያ ሁሉም ሰው የሚያየው ነገር ነው። አድልዎ የሚደበቀው ኢላማው ላይ ነው። መሀሉ 5 ነጥብ፣ ቀጥሎ ያለው ኃይሉ ቀለል ላለ ጥይት 3፣ ዳሩ 1፣ የሳተ 10 ይቀነስበታል። ድምሩ ለሰዓቱ ይካፈላል። በ10 ሰከንድ 52 ነጥብ ካመጣህ 5.2 ነው። መስመር ላይ የተቀመጠች አንዲት ቀዳዳ "ነክታለች" ከተባለች 3 የነበረው 5 ሆኖ ውጤትህ 5.4 ይገባል። ቀዳዳዎቹን በፕላስተር የሚሸፍነው ልጅ ቸኩሎ ከለጠፈባት ደግሞ ማስረጃው አለቀ፣ ማን ይከራከራል?

ነጥብ መዝጋቢዋ፦ ቅዳሜም እንደዛ ሆኗል! ሦስተኛው ኢላማ ቶሎ ተለጠፈ። ዳኛው ሲተኩስ ነው አላልኩም፣ እንዳታጣሙብኝ። የተኩስ ድምፅ ሰምቶ የሚመዘግበው ሰዓቱም የጎን ሜዳ ተኩስ እየሰማ ሁለቴ አሳስቶናል።

የለገጣፎው፦ እኔ ተመልካች ነኝ። ለምን በተራ አታደርጉትም? ይሄ ወር የዳኘ ያኛውን ወር ይተኩሳል።

ከጆበርግ የተመለሰው፦ 18 ሰው ነን ወንድሜ፣ ደንቡን ጠንቅቆ የሚያውቀው አራት ቢሆን ነው። አንድ ጥይት ባርቆ ሰው ቢነካ ፈቃዳችን፣ ሜዳው፣ ሁሉም ይዘጋል። የማያውቅ ሰው ከተኳሽ ኋላ አላቆምም።

የሰበታው ጋሼ፦ እንግዲያው ዋዜማውን ይተኩሱ። ዋናው ቀን ላይ የዳኛው ውጤት ተሰቅሎ ይጠብቅ፣ ሌላው ይብለጠው ወይ ይሸነፍለት። እሱም ሌላውን ሲያስወጣ ቁጥሩን አስቀምጦ ነው። ይሄ ከሆነ እኔም ዝም እላለሁ።

የተባረርኩት፦ ተሰቅሎ የሚጠብቅ ውጤት ያለው ሰውም እኮ ሊያስወጣኝ ይችላል ጋሼ። እንዲያውም የበለጠ ምክንያት አለው፣ የሚበልጠውን ሰው ፊቱ ላይ ያየዋል።

የሰበታው ጋሼ፦ እሱን አላሰብኩትም።

ነጥብ መዝጋቢዋ፦ ለማስወጣት ሁለት ሰው ያየ ይሁና። ቅዳሜ እኔም አይቼ ነበር፣ ማንም ግን አልጠየቀኝም። ያኔ ብጠየቅ ይሄ ሁሉ ክርክር የለም ነበር።

ከጆበርግ የተመለሰው፦ ደንቡ አንድ ዳኛ ይበቃል ይላል፣ ቅሬታ ካለህ ወደ ዋና ዳኛ ትሄዳለህ። እንደ ክለብ ግን ሁለተኛ ሰው መጠየቅ አይከፋም።

የተባረርኩት፦ እሺ፣ አርብ ከሰዓት ዳኞቹ ቀድመው ይተኩሱ። ሰዓቱን እኔ ልያዝላቸው።

ነጥብ መዝጋቢዋ፦ ና። እኔም እተኩሳለሁ። አፈሙዜ ካለፈ ታስወጣኛለህ?

የተባረርኩት፦ ሁለተኛ ሰው ጠይቄ።