ጣሪያው ግማሽ ላይ ቆመብኝ! ቀብድ ከፍያለሁ፣ ልግዛው ወይስ ልተወው?

ቸኳዩ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ያገለገለ ኮንቨርተብል፣ ማለትም ጣሪያው የሚከፈት መኪና፣ ልገዛ ቀብድ ሰጥቻለሁ። ቀሪውን ነገ ጠዋት ነው የምከፍለው። አሁን ለመጨረሻ ጊዜ ልሞክረው መጥቼ ቁልፉን ተጫንኩ። መስኮቶቹ ወረዱ፣ የኋላው ኮፈን ተነሳ፣ ጣሪያው ብድግ አለ። ከዚያ ሦስቴ ጢጥ ጢጥ ጢጥ ብሎ ቀጥ። አፉን ከፍቶ የተኛ አዞ ነው የሚመስለው። ወደፊትም ወደኋላም አይልም። ሻጩ «ፊውዝ ናት፣ ቀላል ነው» ይላል። ሰማዩ ደግሞ ጠቁሯል። እውነት ፊውዝ ነው? ወይስ ጥገናው ያራቁተኛል?

ኩሽኔታ፦
መኪናው ምንድን ነው? የስንት ዓመት ምርት? ጣሪያው ሸራ ነው ብረት?

ሳቂታው፦
ጃንጥላ ካልመረቀልህ እንዳትከፍል።

ቸኳዩ፦
ቀይ ነው። ሁለት በር።

ኩሽኔታ፦
ቀለሙን ማን ጠየቀህ ወንድሜ!

አሮጌ መሪ፦
ልጄ፣ መጀመሪያ የምትገዛውን ነገር እወቅ። ጣሪያቸው የሚከፈት መኪኖች ሦስት ዓይነት ናቸው። በእጅ የሚታጠፍ ሸራ አለ፣ በሞተር የሚታጠፍ ሸራ አለ፣ ተጣጥፎ ኋላ የሚገባ ብረት አለ። ብረቱ የትናንት ፈጠራ እንዳይመስልህ። ፔጆ እ.ኤ.አ. በ1934 ሠርቶታል። ፎርድም ከ1957 እስከ 1959 ስካይላይነር የሚባል አውጥቶ ነበር። ለጣሪያው ብቻ ወደ 180 ሜትር የሚጠጋ ሽቦ ነበረው። ይህን የምነግርህ ለጨዋታ አይደለም። የዛሬዎቹም አሠራራቸው ያው ነው። እያንዳንዱ እንቅስቃሴ መጨረሻው ላይ ትንሽ ማብሪያ አለች። «እኔ ጨርሻለሁ» ካላለች ቀጣዩ አይነሳም። አንዷ ዝም ስትል ሁሉም ይገተራል። ሻጮች ታዲያ ሁሉንም ነገር «ፊውዝ» ይሉታል። በእኛ ጊዜ ሰው መኪና ከመግዛቱ በፊት...

ቸኳዩ፦
ጋሼ አመሰግናለሁ፣ ግን ማካፋት ጀምሯል። ብረት ነው ጣሪያው። ስሙን አልጠራም፣ ሻጩ አጠገቤ ቆሞ ስልኬን እያየ ነው።

የጋራዡ ልጅ፦
ብረት ከሆነ የኋላውን ኮፈን ውስጥ እይ። ጣሪያው ታጥፎ የሚያርፍበትን ቦታ ከዕቃው የሚለይ መጋረጃ ወይም መከፋፈያ አለ። እሱ በቦታው ካልተዘረጋ ብዙዎቹ ጣሪያውን አያንቀሳቅሱም። ዕቃ ነክቶት ትንሽ ከተንሸራተተ መሃል ላይም ሊያቆመው ይችላል። ሁለተኛ፣ ሞተሩን አስነስተህ ሞክር። ደካማ ባትሪ ጣሪያውን ያስጀምረዋል እንጂ አያስጨርሰውም።

ሳቂታው፦
ባትሪው እንደ እኔ ነው ማለት ነው። መጀመር እንጂ መጨረስ አልሆነልኝም።

ነጻ አስተያየት፦
ቆይ፣ ለምንድን ነው ግን ኮንቨርተብል የምትገዛው? በዓመት ስንት ቀን ልትከፍተው ነው? በዚሁ ገንዘብ ጣሪያው የማይነቃነቅ ደህና መኪና ትገዛ ነበር። ችግርህ ፊውዙ ሳይሆን ምርጫህ ነው።

ቸኳዩ፦
ወንድሜ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የምመኘው ነው። እሱን ተወው፣ መልሱን ካወቅህ ንገረኝ።

ነጻ አስተያየት፦
መልሱን ነገርኩህ እኮ።

ኩሽኔታ፦
ስለ ፊውዙ ልመልስልህ። ፊውዙ ቀድሞ ተቃጥሎ ቢሆን ኖሮ ጣሪያው ከነጭራሹ አይነሳም ነበር። መሃል ላይ ተቃጥሎ ከሆነ ደግሞ ያቃጠለው ነገር አለ። ምናልባት ጣሪያውን በዘይት ግፊት የሚያነሳው ፓምፕ ከአቅሙ በላይ ኤሌክትሪክ እየሳበ ነው። ደግሞ ነገሩ ፊውዝ ብቻ ቢሆን ሻጩ ራሱ ቀይሮ፣ ዋጋ ጨምሮ በሸጠልህ ነበር።

ዝናብ ያየች፦
እኔ ከራሴ ልንገርህ። ጣሪያውን ለጊዜው ተወውና ጫማህን አውልቅ። አልቀልድም። ሹፌሩ እግር ሥር ያለውን ምንጣፍ በካልሲ ርገጠው። ከዚያ ከወንበሩ ኋላ ምንጣፉን ገልጠህ እጅህን እስከ ታች ድረስ ክተት። ላዩ ደረቅ ሆኖ ሥሩ ያለው ስፖንጅ ውሃ የጠጣ ሊሆን ይችላል። እኔ ስገዛ ላዩን ዳስሼ «ደረቅ ነው» ብዬ ፈረምኩ። ሽታው ነበር ያጠራጠረኝ፣ ግን ሻጩ ሽቶ አንጠልጥሎበታል። ወንበሩ ሥር ያለችው የኤሌክትሪክ ሳጥን ውሃ ውስጥ ተኝታ ኖሯል። ከወር በኋላ ሌሊት ሌሊት መስኮቶቹ ራሳቸው ይወርዱ ጀመር። ጎረቤት ሌባ መስሎት ወጥቷል። ለሳጥኗና ለሽቦው ያወጣሁት ጣሪያውን ከማደስ ይበልጥ ነበር።

የወንበሩን ብሎኖችም እይ። እነሱ ከዛጉ ውሃ ከርሟል ማለት ነው።

መጋረጃ ነኝ፦
ኮፈኑ ውስጥ ያለውን መጋረጃ ዘርጋው፣ ይሠራል።

የጋራዡ ልጅ፦
ከላይ ብዬዋለሁ።

መጋረጃ ነኝ፦
አላነበብኩትም። ግን እሱ ነው።

ኩሽኔታ፦
ዝናብ ያየች ትክክል ናት። አንድ ልጨምር። በጣሪያው ግርጌ፣ ከወንበሮቹ ኋላ በግራና በቀኝ፣ ውሃ ማውረጃ ቀዳዳዎች አሉ። ቅጠልና አቧራ ይደፍናቸዋል። በጠርሙስ ውሃ ቀስ አድርገህ አፍስስና ከመኪናው ሥር ሲንጠባጠብ ጠብቅ። ከላይ ገብቶ ከታች ካልወጣ የት እንደቀረ መገመት ነው። የመጀመሪያው ቢኤምደብሊው ዜድ4፣ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የመጣው፣ የሸራው ሞተር የተቀመጠው እዚያው ውሃ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ውስጥ ነው። ቀዳዳዋ ስትደፈን ሞተሩ ይሰጥማል።

ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ላይ ደግሞ ቀዳዳው ሲደፈን ውሃው በሮቹ ሥር ወዳለው ቦይ ይወርድና ከውስጥ ያዝገዋል። ኮንቨርተብል የማይነቃነቅ ጣሪያ ስለሌለው ጥንካሬውን የሚይዘው ያ የበሩ ሥር ነው። በክሪክ አንዱን ጎን ትንሽ አንሳና በሩን ክፈት፣ ዝጋ። ከከበደው ወይም ክፍተቱ ከተዛባ ሂድልኝ።

ቸኳዩ፦
መጋረጃውን አገኘሁት! አንድ ጎኑ ከመያዣው ወልቆ ነበር። አስገብቼ፣ ሞተር አስነስቼ ተጫንኩ። ትንሽ ሄደ፣ ከዚያ እንደገና ቆመ። አሁን ድምፁ እንደ ንብ ነው፣ እምምም ይላል። ዝናቡ ወንበሩ ላይ እየወረደ ነው። በእጅ ልግፋው?

የጋራዡ ልጅ፦
በጉልበት እንዳትገፋ! የጣሪያው ክንዶች ከተጣመሙ መቼም አይገጥምም። የመኪናው መመሪያ ላይ በእጅ መዝጊያው አለ። አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ፓምፑ ላይ ያለውን ቫልቭ ማላላት ነው፣ ግፊቱ ይለቃል። ከዚያ ሁለት ሰው ከሁለት ጎን እኩል ያነሳል። ጣታችሁን መጋጠሚያው ውስጥ አታስገቡ። መመሪያው ከሌለ ላስቲክ አልብሳችሁ ጠብቁ።

እምምም እያለ ካልተንቀሳቀሰ ፓምፑ ይሠራል፣ ግፊት ግን የለም። ዘይቱ ጎድሏል ወይም የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው። የጣሪያው የውስጥ ጨርቅ ላይ፣ ከፊቱ መስታወት በላይ፣ ቅባት ያለው ቡናማ እድፍ ካለ ጣሪያውን በዘይት ግፊት የሚገፋው ሲሊንደር ጎማ አልቋል። ይህ የዓለም ፍጻሜ አይደለም። ሙሉ ሲሊንደር ከመግዛት ጎማውን ብቻ የሚቀይር ባለሙያ ፈልግ፣ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ግን አንዱ ካለቀ ሌሎቹም ዕድሜያቸው እኩል ነው።

አሮጌ መሪ፦
እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። ሽቦና ዘይት የበዛበት...

ሸራ ወዳጅ፦
ለምን በእጅ የሚታጠፍ ሸራ አትገዛም? ኤምኤክስ-5 እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ አለ። ሁለት መያዣ ትፈታለህ፣ ወደ ኋላ ትጥለዋለህ፣ አለቀ። ፓምፕ የለ፣ ሴንሰር የለ። የመጀመሪያው ትውልድ፣ እስከ 1997 ያለው፣ የኋላ መስኮቱ ፕላስቲክ ነው፤ ይቢጫል፣ በብርድ ካጠፍከው ይሰነጠቃል። ከ1998 ወዲህ ያለው መስታወት አለው። ሸራው ራሱ ያልቃል፣ ግን አዲስ ሸራ ማልበስ የታወቀ ሥራ ነው። የብረት ጣሪያ ሲበላሽ ግን መጀመሪያ ማን እንደሚነካው ፈልግ።

ነጻ አስተያየት፦
ሸራ በቢላ ይቀደዳል።

ሸራ ወዳጅ፦
የብረቱም መስኮት በድንጋይ ይሰበራል።

ኩሽኔታ፦
ዋጋው ረከሰ ብላችሁ ፖርሽ ቦክስተር ለምታዩም ቃል ልጣል። እ.ኤ.አ. እስከ 2008 ባሉት ላይ ከጣሪያው ይልቅ ሞተሩ ውስጥ ያለው የመካከለኛው ዘንግ ኩሽኔታ ያስፈራል። እሱ ሲሄድ ሞተሩን ይዞት ይሄዳል። ተቀይሮ እንደሆነ ወረቀት ጠይቁ። ሳብ 9-3ም ቆንጆ ናት፣ አራት ሰው ትይዛለች፣ ግን ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ2011 ከስሯል። የጣሪያ ጎማና ፕላስቲክ ፍለጋ ትዞራላችሁ።

ወደ አንተ ስመለስ፦ ነገ አትክፈል። ቀብድ መክፈልህ አያስገድድህ። ሻጩ «ፊውዝ ናት» ካለ ጥሩ፣ እሱ ያሠራው። ተሠርቶ ሲመጣ አሥር ጊዜ አከታትለህ ክፈት፣ ዝጋ። አሥረኛው ላይ ከመጀመሪያው ካዘገመ ታውቀዋለህ። አላሠራም ካለ ጣሪያው የማይሠራ መኪና ዋጋ አውራ።

ቸኳዩ፦
ላስቲክ አልብሰነዋል። ሻጩ ተናዷል። ምንጣፉን ገልጬ እጄን ከተትኩ።

ዝናብ ያየች፦
እና?

ሳቂታው፦
እጁ እዚያው ቀርቷል።

ዝናብ ያየች፦
ቸኳዩ፣ ደረቅ ነው እርጥብ?

ኩሽኔታ፦
ሦስት ሳምንት አለፈ። ገዛህ እንዴ?

አዲስ ገቢ፦
ሰላም፣ እኔም ተመሳሳይ ችግር ገጥሞኛል፣ ጣሪያው ግማሽ ላይ ቆሟል። መጋረጃ የምትሉት የቱ ነው? መኪናዬ ሰማያዊ ናት።