ለእህል መጋዘን ትንሽ ቴሪየር ውሻ፦ ከሁለቱ ቡችሎች የቱን ልውሰድ?

የመጋዘኗ ልጅ (ኮምቦልቻ)

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁም። አባቴ በርበሬ ወንዝ አካባቢ የእህል መጋዘን አላቸው፤ ጉልበታቸውን ካመማቸው ወዲህ የምውልበት እኔ ነኝ። ጤፍ፣ ማሽላ፣ ሽምብራ እንይዛለን። ዘንድሮ አይጡ ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ። ጠዋት በር ስከፍት የታችኛው ጆንያ ጥጉ ተቀዶ፣ ማሽላው መሬት ላይ ፈሶ፣ ከአይጥ ኩስ ጋር ተደባልቆ አገኘዋለሁ። በሰፌድ ብናበጥረውም ያንን ለደንበኛ መስፈር ያሳፍረኛል።

መርዝ ሞክሬ ነበር። አይጡ ርብራቡ ሥር ገብቶ ሞተና ሽታው ሁለት ሳምንት አልለቀቀንም። ድመታችንም የተመረዘ አይጥ በልታ ሞተችብን። ከዚያ በኋላ መርዝ ልገዛ ስል አንጀቴ እምቢ ይለኛል። ከጓሮ ያሉትን ዶሮዎች ደግሞ ሸለምጥማጥ በአንድ ሌሊት ሦስት ወሰደብን።

አሁን አንድ ሰው ሁለት ቡችላ አሳየኝ፤ ጃክ ራስል የሚባለው የቴሪየር ዘር ናቸው ይላል። አንዱ የሁለት ወር ነው፣ ነጭ ሆኖ ጆሮው ቡናማ፣ በጣም የሚያምር። ሌላዋ የሰባት ወር ናት፤ ፀጉሯ ሻካራ፣ ከንፈሯ ላይ ጠባሳ አለባት፣ ዝም ያለች ናት፣ ዋጋዋም ይቀንሳል። አባቴ ሰጋጅ ስለሆኑ ውሻ ቤት እንዳይገባ፣ የምግብ ዕቃ እንዳይነካ ብለዋል፤ ለመጋዘኑ ሥራ ከሆነ ግን ፈቅደዋል። የምታውቁ ምከሩኝ።

ሐርቡ

እህቴ፣ ሌላ ድመት አይሻልም? እኛ ቤት አንዷ ድመት ጎተራውን ጸጥ አድርጋዋለች። ውሻ ቆፍሮ ግድግዳ ያፈርስብሻል።

ገራዶ (ደሴ)

ሐርቡ ያለው ለትንሿ የቤት አይጥ እውነት ነው። ካደገ ትልቅ አይጥ ጋር ግን ብዙ ድመት መያያዝ አትወድም። ጆንያ የሚቀደው እሱ ነው። ቴሪየር እንደሚቆፍርም አልክድም፤ የጭቃ ግድግዳ ካለሽ ሥሩን በድንጋይ አስገንቢው።

እኔ ደሴ ገራዶ በኩል ዶሮ አረባለሁ፤ በ11 ዓመት ውስጥ ሁለት ቴሪየር አሳድጌያለሁ። እህቴ፣ አብሽሪ፣ ትልቋን ውሰጃት። ምክንያቴን ልንገርሽ።

ቴሪየር ማለት ቃሉም ከመሬት የመጣ ነው፤ ጉድጓድ የሚገባ ውሻ ነው። ጃክ ራስል ስሙን ያገኘው ከእንግሊዛዊው ቄስ ከጆን ራስል ነው። ቄሱ በፈረንጆች 1819 ኦክስፎርድ ላይ ትራምፕ የምትባል ነጭ ሴት ውሻ ከወተት ሻጭ ገዙ፤ ዘሩ የተጀመረው በሷ ነው። የሚፈልጉት ቀበሮን ከጉድጓድ የሚያስወጣ እንጂ የሚገድል ውሻ አልነበረም። ስለዚህ ከመልኩ ይልቅ የሚታየው ጉድጓድ የሚያስገባው ጠባብ ደረቱ ነው። ያደገ ጃክ ራስል ትከሻው ላይ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይቆማል፣ 5 ወይም 6 ኪሎ ይመዝናል፤ ከፊት እግሮቹ ኋላ የደረቱ ዙሪያ ከ40 እስከ 43 ሳንቲ ነው። ደረቱን በሁለት እጅሽ ዙሪያውን ስትይዢው ጣቶችሽ ሊገናኙ ይገባል። የሰባት ወሯን ዛሬውኑ በልብስ ሰፊ ሜትር መለካት ትችያለሽ። የሁለት ወሩ ግን ነገ ምን እንደሚያክል በምን ታውቂያለሽ? እናቱን ካላሳየሽ፣ የቡናማ ጆሮ ዋጋ ነው የምትከፍዪው።

ሁለተኛ፣ ከመክፈልሽ በፊት መጋዘን ወስደሽ ሞክሪያት። አንድ ሰው ጆንያ ያንሳ፣ አንቺ ገመዷን ያዢ። የኔዋ ጆንያው ሳይነሳ አፍንጫዋን ጥጉ ላይ ሰክታ፣ ጅራቷን አቅንታ፣ አንድ የፊት እግሯን አንጠልጥላ ትቆማለች። አይጡ ሲወጣ ማጅራቱን ትይዛለች፣ አንዴ ግራ ቀኝ ታርገፈግፈዋለች፣ ትጥለዋለች። ሬሳው ላይ አትዘገይም፣ አትበላውም፤ ዓይኗ ወደሚቀጥለው ነው። ይዞ የሚጫወት ውሻ ግን ከንፈሩን ይነከሳል። የዚያችኛዋ ጠባሳ እንዲህ የመጣ ሊሆን ይችላል። ተነክሳም አሁንም አይጥ ስታይ ወደፊት የምትሄድ ከሆነ፣ አትለፊያት።

ብቻዋን ትጨርሰዋለች ብለሽ ግን አታስቢ። ጆንያውን ከግድግዳ አንድ ክንድ አርቀሽ በርብራብ ላይ ደርድሪ፤ ውሻዋ ዙሪያውን ካልዞረች አይጡ ሥሩ ተቀምጦ ይጠብቃታል። አይጥ ካረገዘች በሦስት ሳምንት ገደማ ስለምትወልድ፣ ድርድሩን በየሳምንቱ እያነሳችሁ አስፈትሿት።

ሸለምጥማጡን ለሷ አትተዪው። የዶሮ ቤቱን ክፍተት በወንፊት ሽቦ ዝጊ። ማታ እሷንም ቆልፊባት፤ ቴሪየር መመለስ አያውቅም፣ ጅብም ላይ ይሄዳል። ጃርት ጉድጓድ አጠገብም አትልቀቂያት፤ እሾሁ አፏ ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል።

ደግሞ እባክሽ ጎረቤቶችሽን ቤት ለቤት ዞረሽ አነጋግሪ። የመጀመሪያ ውሻዬን ያጣሁት ከአጥር ማዶ በተደረገ መርዝ ነው። ድዱ እንደ ወረቀት ነጣ፣ በአፍንጫው ደም መጣ፣ በሦስተኛው ቀን እጄ ላይ ሞተ። እኔ ግቢ መርዝ አልነበረም፤ እነሱን ግን አልጠየቅኳቸውም ነበር። ዛሬም ይቆጨኛል።

የእንስሳት ሐኪም (ደሴ)

ገራዶ ስለ መርዝ ያለውን አጠንክሬ ልድገመው። ድድ የሚያነጣው ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው መርዝ ነው፤ በጊዜ ከተደረሰበት በቫይታሚን ኬ ይታከማል። ዚንክ ፎስፋይድ የሚባለው ጥቁር ዱቄት ግን ማርከሻ የለውም። ከተጠራጠርሽ የመርዙን ዕቃ ይዘሽ ሩጪ።

የእብድ ውሻ ክትባት ከሦስት ወር ዕድሜ ጀምሮ፣ ከዚያ በየዓመቱ ነው። ትልቋ ካልተከተበች ሥራ ሳትጀምር አስከትቢያት። ሰው ከነከሰች ቁስሉን 15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ አጥቦ ወዲያው ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። መጋዘኑን ስትጠርጊ ጓንት አድርጊ፣ ውሃ ረጭተሽ ጥረጊ፤ በአይጥ ሽንት የሚመጣው ሌፕቶስፓይራ የሚባል ጀርም ውሻንም ሰውንም ይይዛል።

ቦረና ሳይንት ወይም ደላንታ ዘመድ ካለሽ ውሻዋን ይዘሽ አትውጪ። እዚያ ቀይ ቀበሮ አለ፤ በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂዎች 500 አይሞሉም፣ ከሁሉ በላይ የሚጨርሳቸውም ከውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው።

የመጋዘኗ ልጅ (ኮምቦልቻ)

ጋሼ ገራዶ፣ ዶክተር፣ አላህ ይስጥልኝ። ትልቋን ወሰድኳት። ደረቷ 41 ሳንቲ ነው፣ ትናንት ተከተበች። ዛሬ ሰባት ጆንያ ስናነሳ ሁለት አይጥ ያዘች፤ ሦስተኛው በበሩ ሥር አመለጣት። አባቴ ወንበር አስወጥተው ደጅ ተቀምጠው ሲያዩ ቆዩ። ከአስር በኋላ ራሳቸው በሩ ሥር ቆርቆሮ መቱበት፤ ለሷም ከጣውላ ማደሪያ ሠሩላት፣ መጋዘኑ ውስጥ በስተቀኝ።

አንድ የቸገረኝ ነገር፦ ውሃ እንኳ ሳትጠጣ ጥግ ላይ ወዳለው ጉድጓድ እየተመለሰች ትቆፍራለች፤ ምላሷ ወጥቶ ታለከልካለች። ልከልክላት ወይስ ልተዋት?

ገራዶ (ደሴ)

ከልክያት። ኮምቦልቻ እንደኛ ብርድ አይደለም፣ እሷ ደግሞ ደከመኝ አትልም። በገመድ አውጥተሽ ጥላ ሥር አሳርፊያት፣ ውሃ ስጫት። ከዚያ ከንፈሯን ገልጠሽ ድዷንና የአፏን ዙሪያ እዪ፤ የንክሻ ቀዳዳ ካገኘሽ በጨው ውሃ እጠቢው፣ ካበጠ ለሐኪሙ አሳዪ። ጉድጓዱን ለዛሬ በድንጋይ ወትፊው። ነገ ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ክፈቺላት።