ጥብቅ የባሕር ዳርቻ ላይ ነዳጅ ሲፈስ ሕዝቡ ይግባ ወይስ ይከልከል?

ሄለን፦ እስቲ ይሄን እንከራከርበት። ዋካሺዮ የሚባለው መርከብ በፈረንጆቹ ጁላይ 25 ቀን 2020 ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ባለችው የሞሪሸስ ደሴት ዳርቻ ኮራል ሪፍ (ከጥቃቅን የባሕር እንስሳት አጽም የተሠራ ዐለት) ላይ ወጥቶ ተቀረቀረ። አካባቢው የብሉ ቤይ የባሕር ፓርክና ኢሎዜግሬት የምትባል ጥብቅ ደሴት ያሉበት ነው። ነዳጁ ሲፈስ ሕዝቡ ነቅሎ ወጣ። መንግሥት ደግሞ ለእኛ ተዉት አለ። እኔ በዚህ ከመንግሥት ጋር ነኝ። ማንግሮቭ ውስጥ፣ ማለትም ጨዋማ ውኃና ጭቃ ላይ የሚበቅለው የዳርቻ ደን ውስጥ፣ ያ ሁሉ ሰው ሲራገጥ ነዳጁ ጭቃው ውስጥ ይቀበራል፣ ከዚያ ማን ያወጣዋል?

ብሩክ፦ አንቺ ደግሞ! ለእኛ ተዉት ማለት የሚያምርበት እኮ ቀድሞ የሠራ ሰው ነው። መፍሰስ የጀመረው ኦገስት 6 ነው፣ 12 ቀን ሙሉ ጊዜ ነበራቸው። መርከቡ ወደ 4 ሺህ ቶን ነዳጅ ይዞ ከነበረው 1 ሺህ ቶን ገደማው ባሕር ገባ። ሰዉ የደረቀ የሸንኮራ አገዳ ቅጠል ጨርቅ ውስጥ እየሰፋ፣ እንዲንሳፈፍ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ እያሰረበት፣ ነዳጁን የሚያግድ አጥር ሠራ። ፀጉሩን ተቆርጦ የሰጠም ነበር።

ሄለን፦ አጥሩን መች ተቃወምኩ? ያለ ጓንትና ያለ ጭምብል ነዳጅ ውስጥ መቆሙን ነው እንጂ።

ዮናስ፦ ባሕር እንኳ የሌለን ሰዎች ምን አገባን 😂

ትዕግሥት፦ ያገባናል። ሰሜን ተራሮች በ2011 ሲቃጠል ሄሊኮፕተር ከኬንያ እስኪመጣ እሳቱን ሲታገል የነበረው የአካባቢው ሰው ነው። ጎረቤት መምጣቱ አይቀርም፣ ስለዚህ ዕቅዱ ውስጥ ቀድሞ ይግባ። ማን አጥር ይሰፋል፣ ማን ጀልባ ያቀርባል፣ የትኛው ማንግሮቭ ጭራሽ አይረገጥም የሚለው ተጽፎ ይቀመጥ። ኢሎዜግሬት ላይ ችግኞችንና ብርቅዬ ወፎችን ያሸሹት ደሴቷን ዓመታት የሠሩባት ባለሙያዎች ናቸው። የቱን ማንሳት እንዳለባቸው ያውቁ ነበር።

ሄለን፦ በዚህ እስማማለሁ፣ ግን ሥልጠና ገንዘብ ይፈልጋል። ማን ይከፍላል?

ብሩክ፦ የመርከቡ ኢንሹራንስ ነዋ!

ሄለን፦ ኢንሹራንስ የሚከፍለው ከጥፋቱ በኋላ ነው።

ብሩክ፦ እሺ፣ ወደቡን ከሚጠቀሙ መርከቦች ይሰብሰብ።

ትዕግሥት፦ ዋካሺዮ እኮ ሞሪሸስ ሊገባ አልነበረም፣ ከሲንጋፖር ወደ ብራዚል እያለፈ ነበር። ከአላፊው ማን ያስከፍላል?