የሚስት ምክር ይሰማ ወይስ አይሰማ? (ክርክር)

ሚዜው፦
ባለፈው እሑድ የጓደኛዬ ሚዜ ነበርኩ። መልሱ ላይ አንድ አስተማሪ ተጋብዘው ነበር። ትምህርቱ ጥሩ ጀመረ። መሀል ላይ ወደ ሙሽራው ዞሩና «ልጄ፣ ሚስትህን ውደዳት፣ ምክሯን ግን አትስማ። አዳም ሰምቶ ከገነት ወጣ። አክዓብ ሰምቶ ደሙን ውሻ ላሰው። ሶምሶን ሰምቶ ዓይኑ ጠፋ» አሉት። ሰው ሳቀ። ሙሽሪት ግን አልሳቀችም። የካባዋን ጠርዝ በጣቷ ስትጠቀልልና ስትፈታ አየኋት። ልጅቷ ባንክ የብድር ክፍል ውስጥ ነው የምትሠራው። የሚገቡበትን ቤት ኪራይ ተከራክራ ያስቀነሰችውም እሷ ናት።

እስቲ እንከራከር። መጽሐፍ ቅዱስ የሚለው እውነት ይህን ነው? እኔ አይመስለኝም። ዘፍጥረት 3፥17 ላይ እግዚአብሔር አዳምን «የሚስትህን ቃል ሰምተሃልና» ብሎ ይወቅሰዋል፣ ልክ ነው። ዘፍጥረት 21፥12 ላይ ግን ያው እግዚአብሔር አብርሃምን ሣራ የምትነግርህን ሁሉ ቃሏን ስማ ይለዋል። ሁለቱም አንድ መጽሐፍ ውስጥ ናቸው። የመጀመሪያው ብቻ ለምንድን ነው ሠርግ ላይ የሚነበበው?

የሰፈር ልጅ፦
ደሊላን አየሃት አይደል? ሚስት ማለት እሷ ናት። ጨርሻለሁ።

የሕግ ተማሪዋ፦
አልጨረስክም ወንድሜ፣ አልጀመርክም እንጂ። ደሊላ ሚስቱ አይደለችም። መሳፍንት 16 ወደዳት ይላል፣ አገባት አይልም። ያገባት የተምናዋን ልጅ ነው፣ ምዕራፍ 14 ላይ። የእሷን ታሪክ አንብበህ ታውቃለህ? ሶምሶን ግብዣው ላይ እንቆቅልሽ ሰጠ። ሚዜዎቹ መፍታት ሲያቅታቸው በቀጥታ ወደ እሷ ሄደው ባልሽን አባብለሽ ፍቺውን ካላወጣሽ አንቺንም የአባትሽንም ቤት በእሳት እናቃጥላለን አሏት። አለቀሰች፣ ነዘነዘችው፣ ነገራት። መጨረሻዋስ? ምዕራፍ 15 ላይ እሷንም አባቷንም አቃጠሏቸው። የፈራችው አልቀረላትም።

«ሚስት ባሏን አሳሳተች» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ቢላዋው በማን አንገት ላይ እንደነበረ ማየት ግን ይከብዳል።

ዲያቆን ነኝ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አስተማሪው አበዙት፣ እዚህ ላይ እስማማለሁ። ነገር ግን ወደ ሌላው ጫፍ አንሩጥ። የሚዜው ጥቅስ ሙሉ አይደለም። አብርሃም የሣራን ቃል የሰማው ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ዘፍጥረት 16 ላይ፣ ወደ ባሪያዬ ግባ ስትለው። ማንንም ሳይጠይቅ ሰማት። ቤቱ ተበጠበጠ፣ አጋርም ሸሸች። ሁለተኛው ምዕራፍ 21 ላይ ነው። ያን ጊዜ ነገሩ ከብዶት ነበር፣ እግዚአብሔር ስማት አለው፣ ሰማት። ልዩነቱ ታየኝ። የሚስት ምክር ሲመጣ ባል ወደ እግዚአብሔር ይዞት ይሄዳል። ባል ራስ ነው የሚለው የኤፌሶን 5 ቃልም ይህ ይመስለኛል።

የመጋቢ ልጅ፦
ያው ክፍል «እርስ በርሳችሁ ተገዙ» ብሎ ነው የሚጀምረው ዲያቆን። ቁጥር 21። ባልንም እስከ ሞት ውደድ ይለዋል። እኛ ቤት ግን አባቴ ሲሰብክ የሚጀምረው ሁልጊዜ «ሚስቶች ሆይ፣ ለባሎቻችሁ ተገዙ» ከሚለው ከቁጥር 22 ነበር።

ጋሽ አንባቢ፦
ልጆች፣ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ያሉት አባቶች ዝም ብለው አይደለም። እኔ በትዳር 41 ዓመት ኖሬያለሁ። ባለቤቴ ትመክረኛለች፣ እኔ እወስናለሁ። ቤታችን ቆሟል። ይኸው ነው።

የሕግ ተማሪዋ፦
ጋሼ፣ እርስዎን ከማክበሬ ጋር ያ ተረት አቢግያ ላይ ሲደርስ ይሰበራል። 1ኛ ሳሙኤል 25ን እንደገና ያንብቡልኝ።

ናባል 3000 በግና 1000 ፍየል ያለው ሀብታም ነው። በጎቹን የሚሸልትበት ቀን ነበር። የዳዊት ሰዎች እረኞቹን ሲጠብቁለት ከርመው ስንቅ ቢጠይቁት ሰደባቸው። ዳዊት 400 ሰው ሰይፍ አስታጥቆ ወጣ። እስኪነጋ በናባል ቤት አንድ ወንድ አላስቀርም ብሎ ምሏል። አቢግያ ይህን የሰማችው ከባሏ አይደለም፣ ከአንድ አገልጋይ ነው። አገልጋዩ ለናባል መንገር አይቻልም ሲል ያማርራል፣ እሷ ጋ ነው የመጣው። ያኔ ምን አደረገች? 200 እንጀራ፣ ሁለት አቁማዳ የወይን ጠጅ፣ የተዘጋጁ አምስት በጎች፣ ጥብስ እሸት፣ 100 የዘቢብ ዘለላ፣ 200 የበለስ ጥፍጥፍ በአህዮች ጫነች። ለባሏ አልነገረችውም። ቃሉ እንደዚያ ነው የሚለው።

እስቲ አስቡት። የዚያን ሁሉ ጭነት ኮቴ ናባል አልሰማም። ስትመለስም ሰክሮ ነበር፣ ቤቱ ውስጥ እንደ ንጉሥ ግብዣ ደግሶ። ጠዋት ስካሩ ሲለቀው ነገረችው። ልቡ ሞተ፣ ከአሥር ቀን ያህል በኋላ አለፈ። ዳዊት ደግሞ እሷን የላከልኝ እግዚአብሔር ይባረክ አለ። በወንድ አላለቀም ጋሼ፣ በእሷ ነው ያለቀው። ወንዱ ወስኖ ቢሆን ቤቱ ዛሬ አይኖርም ነበር።

ዲያቆን ነኝ፦
አቢግያ ብፁዕት ናት። ግን ልዩ ሁኔታ ናት፣ ባሏ ስሙ ራሱ ሞኝ ማለት ነው። ከልዩ ሁኔታ ደንብ አይወጣም። ለባሏ ሳትነግር ያደረገችውን ለሁሉም ሴት ምሳሌ ካደረግነው ነገ እያንዳንዷ «ባሌ ናባል ነው» ብላ ትነሳለች።

ሚዜው፦
ሔዋንን ለሁሉም ሴት ምሳሌ ስናደርግ ግን ማንም ልዩ ሁኔታ ናት አላለም፣ ዲያቆን።

የሌሊት ተረኛ፦
እኔ ነርስ ነኝ፣ ሌሊት ነው የምሠራው። ስለ ኢዮብ ሚስት አንድ ነገር ልበል፣ ሰው ሁሉ ስለሚረግማት።

አንድ ዓመት ገደማ በፊት አንድ ታማሚ ነበረን፣ ሰውነቱ ቆስሎ። አስታማሚዋ ሚስቱ ናት። አልጋው ሥር ካርቶን አንጥፋ ትተኛ ነበር። ቀን የሰው ልብስ እያጠበች መድኃኒት ትገዛለች። አንድ ሌሊት ትራስ ላስተካክል ስገባ በጆሮው «አሁንስ ሂድ፣ ልረፍልህ» ስትለው ሰማሁ። ደነገጥኩ። ክፋት መሰለኝ። ከዚያ ፊቷን አየሁት።

የኢዮብ ሚስት እግዚአብሔርን ስደብና ሙት አለች እንላለን። የሞቱት ሰባቱ ወንዶችና ሦስቱ ሴቶች ግን የእሷም ልጆች ነበሩ። አንድም ሰባኪ ይህን ሲያነሳ አልሰማሁም። በሰብዓ ሊቃናት የግሪክ ትርጉም ንግግሯ ረጅም ነው። እኔ ከቤት ወደ ቤት በቅጥር እየዞርኩ ከድካሜ ላርፍ ፀሐይ እስክትጠልቅ እጠብቃለሁ ትላለች። ዕብራይስጡ ላይ ደግሞ የተጻፈው ቃል «ባርክ» ነው። ሊቃውንት «ስደብ» የሚለውን ከእግዚአብሔር ስም አጠገብ ላለመጻፍ የተመረጠ የጨዋ አነጋገር ነው ይላሉ። ኢዮብም «እንደ ሰነፎች ሴቶች ተናገርሽ» አላት። ሰነፍ ነሽ አላላትም። መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር የተቆጣው ሦስቱን ወዳጆች ነው። እሷን በስም አልጠራም፣ በቁጣም አልነካም።

የሰፈር ልጅ፦
እኔ ይሄን አላውቅም ነበር። ይቅርታ። የአክዓብን ሚስት ኤልዛቤልን ግን አትከላከሉም መቼም።

ሚዜው፦
ማን ይከላከላታል? ግን አስተማሪው ያሉትን ተመልከት። «አክዓብ ሰምቶ።» ሰውዬው የናቡቴን የወይን ቦታ ሲነፈግ አልጋው ላይ ተኝቶ ፊቱን አዞረ፣ እንጀራም አልበላም። ንጉሥ ነው እኮ። ልክ ከረሜላ እንደተከለከለ ሕፃን። እሷ ናቡቴ በሐሰት ተከስሶ እንዲወገር ደብዳቤ ጻፈች፣ በእሱ ስም፣ በእሱ ማኅተም። ማኅተሙን ማን ሰጣት? እሱ አልጠየቀም፣ ማወቅም አልፈለገም። ናቡቴ ሲሞት ግን ቦታውን ሊወርስ ተነሥቶ ወረደ። ኤልያስ ሲመጣ በመጀመሪያ የጠየቀው እሱን ነው፦ ገድለህ ወረስህን? ሚስቱ እንደነዳችው ራሱ ተጽፏል፣ አልደብቅም። ራሱን የሸጠው ግን እሱ ነው ይላል፣ እዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ። አስተማሪው ግማሹን ብቻ ነው ያነበቡት።

የሕግ ተማሪዋ፦
ሚዜው እንዳለው ከሆነ በተቃራኒውም ይሠራል። የሐዋርያት ሥራ 5፣ ሐናንያና ሰጲራ። መሬት ሸጠው ከዋጋው አስቀሩና ሙሉውን ያመጡ መሰሉ። ባልየው ሞተ። ሦስት ሰዓት ያህል ቆይታ ሚስቱ የሆነውን ሳታውቅ ገባች። ጴጥሮስ ባልሽ ምን አለ ብሎ አልጠየቃትም። መሬቱን የሸጣችሁት በዚህ ዋጋ ነው ወይ ብሎ እሷን ለብቻዋ ጠየቃት። አዎ አለች። «ባሌን ታዝዤ ነው» ቢሉ የማያድን ጉዳይ ነበር። ታዛዥነት የተከበረ ነው የምትሉ ሰጲራን ምን ታደርጓታላችሁ?

አንድ ሌላ ነገር፣ አስቴር ምዕራፍ 1። ንግሥት አስጢን ለሰከረ ባሏ ለንጉሥ አርጤክስስ እምቢ ስትል የንጉሡ መማክርት ሴቶች ሁሉ ይንቁናል ብለው ተንቀጠቀጡ። ከሕንድ እስከ ኢትዮጵያ ላሉ 127 አገሮች ደብዳቤ ተላከ፣ ወንድ ሁሉ በቤቱ ገዥ ይሁን ተብሎ። አዋጁ እኛም አገር ደርሷል ማለት ነው! የሚያስቀው ግን ያው ንጉሥ በኋላ በአስጢን ፈንታ የነገሠችው አስቴር የጠየቀችውን ሁሉ ማድረጉ ነው። በነገራችን ላይ የእኛም የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ ብሎ ሚስት በሕጋዊ ነገር ሁሉ ትታዘዘው ይል ነበር። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ነው የተወው። ከአርጤክስስ አዋጅ ብዙ አልራቅንም።

ዲያቆን ነኝ፦
የአርጤክስስን አዋጅ የእግዚአብሔር ሕግ አላልኩም እህቴ። የሰከሩ ሰዎች ምክር ነው፣ መጽሐፉም እንደዚያ ነው የሚያሳየው። ሰጲራን ግን ጥሩ አነሳሽ። በዚያ ላይ የምመልሰው የለኝም።

እኔም አንድ ልጨምር፣ ለእናንተ ወገን የሚጠቅም። ጲላጦስ በፍርድ ወንበር ተቀምጦ ሳለ ሚስቱ ልካበታለች፦ በዚያ ጻድቅ ሰው ላይ ምንም አታድርግ፣ ዛሬ በሕልም ስለ እርሱ ብዙ መከራ ተቀብያለሁ። አንድ መስመር ነው፣ ማቴዎስ 27፥19። አልሰማትም። እጁን ታጠበና አሳልፎ ሰጠ። በእኛ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ጲላጦስ ራሱ ከቅዱሳን ይቆጠራል፣ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ያን ቀን ግን በዚያ አደባባይ ትክክለኛውን የተናገረችው እሷ ነበረች። ስለዚህ «ምክሯን አትስማ» የሚለውን ሠርግ ላይ ከአሁን በኋላ አልደግመውም። ራስ የሚለውን ግን አልተውም።

ጋሽ አንባቢ፦
ይህን ሁሉ ለባለቤቴ አነበብኩላት። ቡና እየቆላች ነበር። አቢግያ ላይ ስደርስ ሳቀች፣ «አህያውን ማን ጫነላት?» አለች። የኢዮብ ሚስት ላይ ዝም አለች። ሣራን ስትሰማ ግን መቁላቱን አቆመች። «እግዚአብሔር ስማት ያለው እኮ አጋርን ከነልጇ አባር ስትል ነው። አንድ አቁማዳ ውኃ በትከሻዋ ይዛ ወደ በረሃ። ከባልና ሚስቱ ማን አጋርን ጠየቃት?» አለችኝ።

መልስ አጣሁ። ዲያቆን፣ አንተ ታውቅ እንደሆነ።

ዲያቆን ነኝ፦
ባልና ሚስቱ አልጠየቋትም ጋሼ። እግዚአብሔር የብላቴናውን ድምፅ ሰማ ይላል፣ «አጋር ሆይ፣ ምን ሆንሽ?» ብሎ የጠየቃት መልአኩ ነው። እግዚአብሔር ዓይኗን ከፈተላት፣ የውኃ ጉድጓድ አየች። ለእትዬ እንዲህ በሉልኝ። ቀሪውን እሑድ ስመጣ እራሳቸው ይጠይቁኝ።

ጋሽ አንባቢ፦
ነገርኳት። «ቡናው ሦስተኛው ላይ ሳይደርስ ይምጣ» ብላሃለች።