ስታሊንን ሆኖ የሠራ ተዋናይ ይጠየቃል ወይስ አይጠየቅም?

ታሪክ አንባቢ፦ ትናንት ስለ ጆርጂያዊው ተዋናይ ሚኼይል ጌሎቫኒ ስንነጋገር «ተዋናይ ነው፤ የተሰጠውን ተጫወተ» ተብሎ የተጻፈው ሳያበሳጨኝ አላለፈም። ሰውየው ከ10 በላይ በሆኑ ፊልሞች ስታሊንን ሆኖ ሠርቷል፤ በስታሊን ስም የተሰየመውንም ሽልማት አራት ጊዜ ተቀብሏል። «የበርሊን ውድቀት» በተባለው ፊልም መጨረሻ ነጭ የደንብ ልብስ ለብሶ ከአውሮፕላን ሲወርድ፣ ከየአገሩ የመጡ ነፃ የወጡ እስረኞች በእልልታ ይከቡታል። ስታሊን ግን እንዲህ ባለ አቀባበል በርሊን አልገባም፤ በሐምሌ 1945 (እ.ኤ.አ.) በርሊን አጠገብ ለተደረገው የፖትስዳም ጉባኤ የሄደው በባቡር ነበር። ሕዝብ ይህን ውሸት እንዲያምን መልኩን ያዋሰ ሰው በምን ሒሳብ ነፃ ይወጣል?

የመድረክ ወዳጅ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም አልመለስበትም። ያንን ትዕይንት ያዘጋጀው ሚኼይል ቺያውሬሊ እንጂ ጌሎቫኒ አይደለም። ጌሎቫኒ በ1893 ጆርጂያ ውስጥ ከመሳፍንት ወገን ተወልዶ በሩስታቬሊ ቴአትር የሠራ፣ ራሱም ፊልም ያዘጋጅ የነበረ ባለሙያ ነው። በ1938 በ«ታላቁ ንጋት» ስታሊንን ከሆነ በኋላ ያ ሁሉ ችሎታ በአንድ ጢምና በአንድ ፒፓ ተዋጠ። የመሳፍንት ልጅ በዚያ ዘመን «ስታሊንን አልሠራም» ቢል ምን ይደርስበት እንደነበር እርስዎም አያጡትም።

ታሪክ አንባቢ፦ አላጣውም። የሩስታቬሊ ቴአትር መሪ የነበረው ሳንድሮ አኽሜቴሊ በ1937 ተረሽኗል፤ ተዋናይት ባለቤቱ ታማር ጹሉኪድዜም ወደ እስር ካምፕ ተግዛለች። ጌሎቫኒ በዚያው መድረክ የሠራ ሰው ነውና የገዳዩን መልክ ለብሶ ካሜራ ፊት ሲቆም የማንን ደም እንደሚሸፍን ያውቅ ነበር። ለእኔ ጥፋቱን የሚያከብደው ይህ ነው።

ሰብለ፦ እርስዎ ያነሡት የአኽሜቴሊ ሞት ለወዳጃችን ነው የሚመሰክረው፤ መሪው የተረሸነበት ሰው ቢፈራ ምን ይደንቃል? ነገር ግን «የተሰጠውን ተጫወተ» የሚለውም አይዋጥልኝም። ፍርሃት የመጀመሪያውን ፊልም ያስረዳ ይሆናል፤ አራተኛውን ሽልማት ግን አያስረዳም።

የመድረክ ወዳጅ፦ ሽልማቱንስ አልቀበልም ማለት ይቻል ነበር? ሩሲያዊው አሌክሴይ ዲኪ በ1937 ታስሮ በ1941 ከተፈታ በኋላ እርሱም ስታሊንን ሆኖ ሠርቷል። እስረኛ የነበረውን ሰው ያሳሪውን መልክ አስለብሰውታል። በዲኪ ላይ ጣቱን የሚቀስር የለም፤ ጌሎቫኒ ላይ ሲሆን ግን ፍርዱ ይከብዳል።

ታሪክ አንባቢ፦ ዲኪን ማን ነፃ አወጣው? እኔ ስለ እርሱ አንድ ቃል አልተናገርኩም። አምባገነንን መሥራት በራሱ ነውር ነው አላልኩም፤ ተዋናይ አቭታንዲል ማኻራድዜ አቡላድዜ ባዘጋጀው «ንስሐ» ፊልም አምባገነኑን ቫርላምንም ልጁንም ሆኖ ሲሠራ የክፋትን ባዶነት አሳይቶናል። እርሱም የጆርጂያ መድረክ ልጅ ነው።

የመድረክ ወዳጅ፦ ይህ ንጽጽር ፍትሐዊ አይደለም። «ንስሐ» የተቀረጸው በ1980ዎቹ፣ የጆርጂያ የፓርቲ መሪ በነበረው በሼቫርድናድዜ ድጋፍ ነው፤ ያም ሆኖ በመላው ሶቪየት ኅብረት ለሕዝብ የታየው በ1987 ነው። በ1938 እንዲህ ያለ ድርሰት ለጌሎቫኒ የሚያቀርብ ሰው ከየት ይመጣል? ከስታሊን በኋላ የሶቪየት መሪ የሆነው ክሩሽቾቭ በየካቲት 1956 ያንኑ «የበርሊን ውድቀት» በስም ጠርቶ ነቀፈ፤ «ሌኒን በ1918» ከተባለው ፊልምም ጌሎቫኒ የሚታይባቸው ትዕይንቶች ተቆርጠው ወጡ። ሠራ ብለው የሸለሙት፣ ሠራህ ብለው ሰረዙት።

ሰብለ፦ ጌሎቫኒ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 21 ቀን፣ የስታሊን ልደት ይከበርበት በነበረው ዕለት ሞተ። ይህን ሳስብ እጅግ አዝናለሁ።

ታሪክ አንባቢ፦ ሐዘኑን እጋራለሁ፤ ዕለቱ ግን አጋጣሚ ነው፤ ማስረጃ አይሆንም። ከፊልም መቆረጡንም ከአኽሜቴሊ መረሸን ጋር እኩል አድርጋችሁ አታቅርቡልኝ። ጌሎቫኒ የሶቪየት ኅብረት የሕዝብ አርቲስት ተብሎ ሞስኮ ውስጥ በኖቮዴቪቺ መቃብር በክብር ተቀብሯል።

የመድረክ ወዳጅ፦ እኩል ናቸው ያለ የለም። እርስዎ ግን እስካሁን አንድ ጥያቄዬን አልመለሱልኝም፦ በ1938 ምን ማድረግ ነበረበት?